የቅጣት ጠላ

አያ ማረው ዘመን የሚቆጥሩት በመዳፋቸው ነው። እጃቸውን ዘርግተው፣ «ይቺ የስድሳ አንድ ናት። ይቺ ጎበጥ ያለችዋ የስድሳ አምስት። ይቺን አውራ ጣቴ ሥር ያለችውን ግን እንጃ፣ እሷስ የገላነሽ ቢላዋ ሳትሆን አትቀርም» ይሉና ይስቃሉ። ከቢላዋዋ በቀር የቀረው ጠባሳ ሁሉ የአሜኬላ ነው።

ወረታ አስተማሪ ሆኜ ከመጣሁ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ከተከራየሁበት ቤት ደጃፍ አረፍ ይሉ ነበር። ውኃ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ወሬ ይጀምራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገላነሽ አብረው ከመጡ ደግሞ ወሬው ይታረማል። «ውሸትህን ነው፤ የዚያን ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ነው የገባው» ይላሉ ከጎን። እኔም እንዲህ በሁለት አፍ የተነገረ ታሪክ ስለምወድ አላቋርጣቸውም። ይህንንም የሰማሁት በአንድ ቅዳሜ አይደለም፤ በብዙ ቅዳሜ ነው።

ወፍ አርግፍ ከወረታ ወደ ጣና በኩል በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ የምትርቅ ባሕር ናት። ባሕር የምላት እነሱ እንዲያ ስለሚሏት ነው እንጂ በካርታ ላይ ፈልጌ አላገኘኋትም። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ ሜዳውን ሁሉ ታለብሰዋለች። መስቀል ሲጠባ መሸሽ ትጀምራለች፤ በሸሸችበት ላይ ሣር ይበቅላል፤ በጋ ሲመጣ የሦስት መንደር ከብት ሣሩን ግጦ፣ እዚያው ውኃውን ጠጥቶ ያድራል። የዚያ አገር ሰው ሀብቱም ክብሩም ከብቱ ስለሆነ ሰዉን ያኖረችው ወፍ አርግፍ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የባሕሯ ጠላት አሜኬላ ነው። እርጥብ መሬት የሚወድ፣ እስከ ወገብ የሚያድግ፣ በየአንጓው እሾህ የሚያወጣ አረም ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። አያ ማረው ግን «ሽፍታ ሲያጌጥ ነው» ይሉታል። እሾህ ካወጣ ከብት በአጠገቡ አያልፍም። ከጥቅምት እኩሌታ በፊት፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ከነሥሩ ከተነቀለ ይሞታል። በማጭድ ከታጨደ ግን ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ኅዳር ከገባ ደግሞ ዘሩ ይጎመራል። ያ ዘር ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ በከብት ኮቴ፣ በሰው ተረከዝ ተለጥፎ የሚሄድበት አይታወቅም። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የቀን ጉዳይ ነው፤ ከአቡነ አረጋዊ በፊት ወይስ በኋላ።

አያ ማረው የሣር ዳኛ ነበሩ። አባታቸውም ነበሩ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም። ያለው አንድ የቀንድ ጥሩንባና ከቤታቸው ጓሮ ያለ አንድ በረት ነው። ከመስቀል እስከ ኅዳር ሚካኤል ሣሩ ይከለከላል። በዚያ መካከል ገብቶ የተገኘ ከብት በአያ ማረው በረት ይታሰራል፤ ባለቤቱም አንድ ቁና ዳጉሳ ከፍሎ ያወጣዋል። ቄስ ገብረ ኪዳን በመስቀል ማግሥት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው የሚያስሩት ግዝት ከብቱ ለገባበት ሰው አይደለም፤ ቅጣቱን ለከለከለ ነው። ያ ዳጉሳ ወደ ወይዘሮ ገላነሽ ይገባል። እሳቸው ብቅሉን ያበቅላሉ፣ ጋኑን በወይራ ያጥናሉ፣ ጠላውን ይጠምቃሉ። ጥቅምት አሥራ አራት ቀን የአቡነ አረጋዊ ዕለት ጥሩንባው ይነፋል፣ የሦስት መንደር ሰው ወጥቶ አሜኬላውን ይነቅላል፣ ጠላውን ይጠጣል። የተነቀለው ደረቅ ጉብታ ላይ ሥሩ ወደ ሰማይ ተደርጎ ይከመርና ለኅዳር ሚካኤል፣ አገር ሁሉ ቆሻሻውን በሚያቃጥልበት ቀን፣ ይነዳል። በዚያው ዕለት ሣሩ ይፈታል።

«በበዓል ሥራ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ለራስህ ብትሠራ ነው እንጂ ኃጢአቱ» አሉኝ። «ባሕሯ የማን ናት? የማንም። ለማንም ላልሆነ ነገር በበዓል ብትደክም አቡነ አረጋዊ ራሳቸው ገመድ ያቀብሉሃል።»

ታዲያ ይህ ልማድ አንዲት ጠማማ ጣት አለችው። ሰው ሁሉ ጨዋ የሆነ ዓመት፣ ከብቱን አጥብቆ ያሰረ ዓመት፣ ቅጣት የለም። ቅጣት ከሌለ ጠላ የለም። ጠላ ከሌለ ነቀላ የለም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ያለው ሰው፣ በመስቀል ሰሞን፣ አውቆ አንድ ከብት ይለቃል። አይነገርም፣ ግን ይታወቃል። እትዬ ትሁን የተባሉ ባለብዙ ከብት መበለት አንድ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አያ ማረውን ጠርተው፣

«በረትህ ባዶ ነው አሉ?» አሏቸው።

«ባዶ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ጨዋነታችን በጥም ሊገድለን ነው በለኛ!»

በማግሥቱ ጠዋት የእትዬ ትሁን ገመሬ በሬ ሣሩ መካከል ቆሞ ተገኘ። ገመዱ አልተበጠሰም። በወጉ ተፈትቶ ቀንዱ ላይ ተጠምጥሟል።

በዚያ ነቀላ ከወጣቶቹ የሚስተካከለው ያልነበረ አያልነህ የሚባል ጎረምሳ ነበር። ከእሾሁ በታች፣ ከጭቃው ጋር አንገቱን ይዞ፣ ግራ ጠምዝዞ ይመዘዋል፤ ሥር አያስቀርም። አንድ ዓመት ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ብቻውን ሃያ ሦስት ክምር ከመረ። ወይዘሮ ገላነሽ በትልቁ ዋንጫ ቀድተው፣ «እንካ፣ አንተ የአሜኬላ ባላጋራ» ብለው ሰጡት። አያልነህን እናቆየው፤ ይመለሳል።

አብዮቱ ሲመጣ አያ ማረው አልከፋቸውም። ኧረ እንዲያውም! ለባላባት ሲገብሩ የኖሩት መሬት የራሳቸው ሆነ። የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ አዳራሽ ተሠራ። አያልነህ ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ ስለነበር ከጥቂት ዓመት በኋላ ሊቀመንበር ሆነ። ሰውም «የራሳችን ልጅ» ብሎ መረጠው።

ቅጣቱ የተወሰደው በአንድ ስብሰባ ነው። «የሕዝብ ሣር ቅጣት የሕዝብ ሀብት ነው፣ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ይግባ» ተባለ። ማን ይቃወማል? ነገሩ ሲሰማ ትክክል ነው። በረቱም ከአያ ማረው ጓሮ ወደ አዳራሹ ግቢ ዞረ። ኋላም ቅጣቱ በብር ሆነ፣ ከብሩ ጋር እስር ታከለበት። አንድ ሰው ጥጃው አምልጣበት ሁለት ሌሊት ታስሮ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሰው ከብቱን በሁለት ገመድ ያስር ጀመር።

«ሣሩ እንደዚያ ዘመን ተከብሮ አያውቅም» ይላሉ አያ ማረው። «አሜኬላውም እንደዚያ ዘመን ተመችቶት አያውቅም።»

ወይዘሮ ገላነሽ ከራሳቸው ጎተራ እየቀነሱ ጥቂት ዓመት ጠመቁ። የሚመጣው ሰው ግን በየዓመቱ አነሰ። ጠላው ቀጥኖበት አይደለም። የቅጣት ጠላ ሲባል የሁሉም ነበር፤ የጠጣው ሁሉ የራሱን በሬ ጥፋት የጠጣ ያህል ይስቅ ነበር። የማረው ጠላ ሲሆን ግን ድግስ ሆነ። ድግስ ደግሞ ውለታ ነው፤ ሰው ውለታ ይፈራል። በሰባ ሰባት እህል ጠፋ፣ ያ ጭላጭ ጠላም ቀረ፣ ጥሩንባው ሳይነፋ ጥቅምት አለፈ። አሜኬላው አንድ ዓመት ሙሉ የሚነካው አጥቶ ዘሩን አራገፈ።

በሰባ ስምንት መስከረም መጨረሻ አያ ማረው ወደ ባሕሯ ወርደው አዩ። ከብት ወደ ውኃው የሚወርድበት ሰፊው መውረጃ ለምልሞ፣ አብቦ፣ ሐምራዊ ሆኗል። የቀረችው አንዲት ጥግ ናት። እሷም በመጪው ዓመት ከተዘጋች የሦስት መንደር ከብት በጋውን ውኃ ፍለጋ እስከ ርብ ሊነዳ ነው። ከዚያው በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄዱ። አያልነህ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ እርሳስ ይቀርጻል።

«ጓድ ማረው፣ ግባ።»

«ጓድ ሆንሁ እንዴ? ትናንት አያ ማረው ነበርሁ።»

«ያው ነው አያ ማረው። ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም። እህል ስጠኝ።»

«የምን እህል?»

«የቅጣት ነዋ! ሁለት ጋን የሚሆን። አቡነ አረጋዊ ሊገባ አሥራ ስድስት ቀን ቀረው፤ መውረጃው ተዘግቷል።»

«ለመንቀል እኮ ጠላ አያስፈልግም፣ አያ ማረው። ዘመቻ ይታወጃል፣ ሰው ይወጣል።»

«መቼ?»

«ከላይ ቀን ሲቆረጥልን።»

«አሜኬላው ከላይ ቀን እስኪቆረጥለት ይጠብቃል እንዴ? ይህን ለሌላ ሰው ንገር። ሃያ ሁለት ክምር የነቀልህ ሰው ለኔ እንዲህ አትለኝም!»

አያልነህ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ሃያ ሦስት ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ተነሥቶ በሩን ገፋ አደረገውና፣ «ስማኝ» አለ። «መጋዘን የገባው ተመዝግቧል፣ አንዲት ፍሬ አልነካም። ዘንድሮ ግን ገና ማንም አልተቀጣም። የመጀመሪያው ቅጣት በእህል ይሁን ብዬ ሳይመዘገብ ወደ እትዬ ገላነሽ ጋን እልከዋለሁ። ከዚህ በላይ ጉልበት የለኝም።»

አያ ማረው ከአዳራሹ የወጡት እየበረሩ ነው። አንድ ቅጣት ብቻ! አንድ ጊዜ ቅጣቱ ወደ ጋን ሲመለስ ሰው ካየ፣ ሌላውም እንደ ድሮው በሬውን ይለቃል፣ ጠላው ይሞላል፣ ሰው ይወጣል። በየጠዋቱ ማልደው ሣሩን ይዞሩ ጀመር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ወፍ እንጂ ከብት የለም። ሰው ፈርቷል። በመጨረሻ እትዬ ትሁን ዘንድ ሄዱ።

«እትዬ፣ ያ ገመሬ እንደምን ነው?»

«ደኅና ነው። ታስሯል» አሉ እትዬ ትሁን፤ ነገሩ ገብቷቸዋል። «ማረው፣ ላንተ በረት ቢሆን ሁለት በሬ እልክ ነበር። ለአዳራሹ አልክም። የሟቹ ባሌ ወንድም እዚያ ሁለት ሌሊት አድሮ ሲወጣ ከሰው ጋር መጨዋወት ትቷል። እኔ ደግሞ ጨዋታ እወዳለሁ።»

«ሊቀመንበሩ ቃል ሰጥቶኛል እኮ።»

«ቃል የሰጠህ አያልነህ ነው። ሊቀመንበሩ ቃል አይሰጥም፣ ይቀበላል እንጂ።»

ጥቅምት ስምንት ቀን ማታ አያ ማረው የቡሬን ገመድ ፈቱ። ቡሬ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንደ ሰፊ፣ ሦስተኛ ጥጃዋን ያረገዘች፣ በቤቱ ያለች አንዲት ላም ናት። ወይዘሮ ገላነሽ ከበር ላይ ቆመው አዩዋቸው።

«ዳኛው ራሱ?» አሉ።

«ዳኛው ራሱ ቢሆን ነውር አለው?»

«ነውር አለው እንጂ። ከነውሩ በፊት ደግሞ ወተት አለው። ሌላ ላም የለንም፣ ሰውዬ!»

«ትመለሳለች። ዳጉሳ ከፍዬ አወጣታለሁ። ዳጉሳውም ዞሮ ላንቺው ጋን ነው።»

«እንግዲያ ሳይዞር ለምን አልጠምቀውም?»

«የኛ ሲሆን ማን መጣ? አላየሽም?»

ወይዘሮ ገላነሽ ያኔ ትተውት ወደ ቤት ገቡ። አሁን ሲያወሩት ግን፣ «የተውሁት ስላመንሁ አይደለም» ይላሉ። «ፊቱን አይቼ ነው። አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትማ።»

በማግሥቱ ጠዋት አያ ማረው የራሳቸውን ላም ከክልክሉ ሣር ያዙ። ደስ ብሏቸዋል። እየነዷት በመንደሩ መካከል አለፉ፣ ያገኙትን ሁሉ፣ «ተያዝሁ! የዘንድሮ የመጀመሪያው ጥፋተኛ እኔ ነኝ!» እያሉ። ሰው እንዲያይላቸው ነው። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፣ ነገሩ ገባቸው፣ ተከተሏቸው። እትዬ ትሁንም ነጠላቸውን ደርበው ወጡ። አዳራሹ ግቢ ሲደርሱ ግን ያልጠበቁት ስብሰባ ነበር። ከላይ አንድ ካድሬ መጥቶ ስለ ሚሊሺያ ስንቅ እየተናገረ ነው። ካኪ የለበሰ፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ወጣት ነው። ላሟ በስብሰባው መካከል ገብታ ቆመች።

«ይህ ሰውዬ ማነው?» አለ ካድሬው።

«የሣር ጠባቂያችን ነው» አለ አንዱ።

«ምን ሊያደርግ መጣ?»

«ልቀጣ ነው ጌታዬ» አሉ አያ ማረው እየሳቁ። «ላሜ ሣር ስትግጥ ያዝኋት።»

«ጠባቂው አንተ፣ አስጋጩ አንተ? የሕዝብ ሣር አስግጠህ እየሳቅህ ትመጣለህ?»

«ልማዳችን ነው ጌታዬ። ቅጣቱ ለጠላ ነው፣ ጠላው ለአሜኬላ…»

«ጠላ?» አለ ካድሬው። ዞሮ አያልነህን አየው። «ሊቀመንበር፣ ይህን ነገር ታውቃለህ?»

አያ ማረው አያልነህን አዩት። እትዬ ትሁን አዩት። ሰው ሁሉ አየው። አያልነህ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት በሁለት እጁ አስተካከለ፤ ቀጥ ብሎ የነበረውን ወረቀት።

«አላውቅም» አለ።

ከዚያ ብዙ ጊዜ አልፈጀም። አያ ማረው ከጠባቂነት ተሻሩ፣ ጥሩንባቸውን አስረከቡ። ቡሬ ለስንቅ ከተመደቡት ከብቶች ጋር ተቀላቀለች። ሲነዷት ከሰዉ ሁሉ አንድ ቃል የተናገሩት እትዬ ትሁን ብቻ ናቸው። «ቀስ አድርጋችሁ ንዷት፣ እርጉዝ ናት!» አሉ። ከብቶቹ በወረታ መንገድ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስለ ቡሬ የሰማ የለም።

ጥቅምት አሥራ አራት ደረሰ። ጥሩንባ የለም። አያ ማረው ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ባሕሯ ወረዱ። ወይዘሮ ገላነሽ ተከተሉ። ቄስ ገብረ ኪዳን ቀሚሳቸውን ሰብስበው መጡ፣ እትዬ ትሁን መጡ። አራት ሽማግሌና አሮጊት ጭቃ ውስጥ ገብተው ይነቅሉ ጀመር። ሌላው ሰው ራቅ ብሎ ጉብታው ላይ ቆሞ ያያል። ሳይፈቀድ መሰብሰብ ምን እንደሚያመጣ ያውቃላ።

«አባ፣ እርስዎ እንኳ ይተዉት፣ እጅዎ መስቀል የሚይዝ ነው» አሉ አያ ማረው።

«ይህም ያው ነው፣ ልጄ» አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን። «ወጋኝ እንጂ አልከበደኝም።»

ፀሐይ ከራስ ሳታልፍ ጠብመንጃ የያዙ ሁለት ታጣቂዎች መጡ። ማን እንደፈቀደ ጠየቁ። አልጮኹም፣ ልጆቻቸው ያህላሉ፣ አፍረዋል። «ሂዱ በቃ፣ እናታችን፣ እኛን አታስወቅሱን» አሉ እትዬ ትሁንን። ሄዱ። የነቀሉት ቢለካ የአንድ ቤት ወለል አይሞላም ነበር።

ዘመቻው የታወጀው ለኅዳር አምስት ነው። ጤፍ የሚታጨድበት ሰሞን ነው እንግዲህ፤ ሰው ሁሉ የራሱን ጥሎ ወጣ። ጭቃው ደርቋል፤ ሥሩ ቢጎተት አይወጣም። ትእዛዙም «በነፍስ ወከፍ አሥር እስር አሜኬላ» ነበር፤ እስር የሚቆጠረው ከላይ እንጂ ከሥር አይደለም። ሰው በማጭድ አጨደ፣ አሠረ፣ ወደ አዳራሹ ተሸከመ። ግቢው ሞላ፣ ተቆጠረ፣ ተመዘገበ፣ ተጨበጨበ። ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። ከቆጠራው በኋላ አያልነህ፣ «ምን እናድርገው?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ሰው፣ «እሾህ አይደለም ወይ? ለአጥር ይሆናል» አለ። ሰው ሁሉ ተደሰተ! እንጨት በጠፋበት ሜዳ የነጻ አጥር! ድሮ እኮ ለአጥር የወሰደ ሰው አልነበረም፤ የሚነቀለው ሳይጎመራ ነው፣ ኅዳር ሚካኤል ይነዳል። ለምን እንደሚነድ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ ይነዳል፣ በቃ። አሁን ሁሉም እስሩን ተሸክሞ ወደየጓያው ማሳ፣ ወደየሽንብራው፣ ወደየጓሮው ወሰደ። ዘሩ በመንገዱ ሁሉ እየተንጠባጠበ።

አያ ማረው መንገድ ላይ ቆመው፣ «ጣሉት! ዘሩን ቤታችሁ እየወሰዳችሁ ነው! አንድዱት!» ይላሉ። ከዳኝነት የተሻረ ሰው ሲጮህ ማን ይሰማዋል? አንዱ፣ «አያ ማረው በላማቸው ተናደው ነው» አለ። እትዬ ትሁን ሁለት እስር በጀርባቸው አዝለው አለፉ።

«አንቺም?» አሏቸው፤ አንቱታውን ረስተው።

«ምን ላድርግ ማረው፣ የጓያዬን አጥር ፍየል ጨረሰው እኮ። ለአንድ ዓመት ብቻ ነው።»

አንድ ዓመት። በመጪው ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስ ያ ሁሉ የአጥር ዘር ረጠበ፣ ተዝለገለገ፣ ተንሳፈፈ። በሰባ ዘጠኝ የእትዬ ትሁን ጓያ ማሳ ሐምራዊ አበበ። በሰማንያ ያቺ የቀረችው ጥግም ተዘጋች። ከብቱ በጋ በጋ ወደ ርብ ይነዳ ጀመር፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጥጃ አይችለውም፣ ሰው ጥጃ መሸጥ ያዘ። ያ ስመ ጥር የፎገራ ከብት ወደ ይፋግና ወደ ሐሙሲት ገበያ እየተነዳ በርካሽ ሄደ።

በሰማንያ ሁለት ጥቅምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረ ቀን፣ እነ አያ ማረውን ልጠይቅ ሄድሁ። ቤታቸው ጓሮ ያ አሮጌው በረት ታድሷል፤ መዝጊያው አዲስ ነው። በረቱ ግንድ ላይ ጥሩንባው ተሰቅሏል።

«ተመለሰልዎ?» አልኋቸው።

«ራሱ አመጣው» አሉ። አያልነህን ማለታቸው ነው። ከአንድ ወር በፊት አመሻሽ ላይ ብቻውን መጥቶ ቆመ። ግባ ቢሉት አልገባም። ጊዜው ላልቷል፣ ከላይም የሚጠይቅ የለም፣ ማኅበሩም የስም ነው። ጥሩንባውን ከነጠላው ሥር አውጥቶ ሰጣቸው።

«ምን አለ?» ስል ወይዘሮ ገላነሽ ቀደሙ።

«‹ሣሩን ከልክሉ፤ ቅጣቱ እንደ ድሮው በእህል ይሁን፣ ወደ ጋናችሁ ይግባ፤ የሚነካባችሁ የለም› አለ። ከዚያ ቆመ፣ ቆመና፣ ‹እትዬ፣ ሃያ ሦስት ነበር አይደል?› አለኝ። ‹ሃያ ሦስት ነበር› አልሁት። ምን ልበለው? ሄደ።»

አያ ማረው ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ እንደ ድሮው ይዞሩ ነበር። ቄስ ገብረ ኪዳን ግዝቱን አስረዋል። ሰዉም ቅጣቱ ወደ ጋን እንደተመለሰ ሰምቷል፤ አሁን የሚፈራ የለም። እትዬ ትሁን ሳይቀሩ ያን ገመሬ በሬ፣ አርጅቷል፣ በመስቀል ሰሞን ገመዱን ፈትተው ቀንዱ ላይ ጠምጥመው ለቀቁት። በሬው እስከ ሣሩ ዳር ሄደ። ከእሾሁ ፊት ቆመ። አሽትቶ፣ ዞሮ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«ሦስት ጊዜ ለቀቁት» አሉ አያ ማረው። «ሦስቱንም ጊዜ ተመለሰ። ሌላም ሰው ሞከረ። ጥጃ እንኳ አይገባም። አየህ፣ የሚጠብቀው እሾሁ ነው፤ እኔ ምን ልሠራ?»

አብረን ወደ ባሕሯ ወረድን። ባሕር የሚል ስም እንጂ ውኃ አይታይም። ወገብ የሚደርስ ሐምራዊ ሜዳ ነው፣ ንብ ይተምበታል። አያ ማረው ዳር ያለውን አንዱን ጎንበስ ብለው ከጭቃው ጋር አንገቱን ያዙት፣ ግራ ጠመዘዙት፣ መዘዙት። ሥሩ ሙሉውን ወጣ። ጭቃውን አራግፈው ወዲያ ወዲህ አዩ፤ የሚያኖሩበት ደረቅ ጉብታ ፈልገው ነው። ጉብታውንም አሜኬላ ውጦታል። ይዘውት ወደ ቤት ተመለሱ።

ወይዘሮ ገላነሽ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ጋኑ ከአጠገባቸው ተደፍቷል፣ የወይራ ፍልጥ ከጎኑ አለ። አቡነ አረጋዊ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«ጋኑን ልጠነው?» አሉ።

አያ ማረው ወደ በረቱ አዩ። መዝጊያው እንደተከፈተ ነው።

«ቆዪ እስቲ» አሉ። «ምናልባት አንድ ጥጃ…»

ወይዘሮ ገላነሽ ፍልጡን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።